ቸርነት ያለ ዕውቀት

ሰው ለሌላው መልካም ለማድረግ አስቦ ክፉ ያደረሰበት እንደ ሆነ፥ አሳቡ መልካም ስለ ነበረ ብቻ ከበደል ነጻ ይሆናልን? ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ «ልብን የሚያይ ፈጣሪ ነው» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። እኔም በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ እንደዚሁ ሳስብ ኖሬአለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ፥ መስጠት ታላቅ ምግባር መሆኑን ከፊደል ጋራ አብሬ ተምሬአለሁ። ከመስጠት በፊት የሚቀድም አንድ ሌላ ነገር እንዳለ የተማርሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያስተማረችኝም ከዱመርሶ በታች ካለው ጨፌ ውስጥ ያወጣኋት አንዲት ትንሽ ተክል ናት። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ነገሩ ሲጀመር የተክል ታሪክ ቢመስላችሁም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

እንስሳ ሣሩንና ቅጠሉን ይበላል፤ ሣርና ቅጠል ግን እንስሳ ሲበሉ አይታዩም። የተፈጥሮ ሥርዓት ይህ ነው ብለን ኖረናል። ነገር ግን ሥጋ በል ዕፅዋት የሚባሉ፥ ዓይነታቸው በብዙ መቶ የሚቈጠር፥ ትንንሽ ነፍሳትን አጥምደው የሚመገቡ ተክሎች በዓለም ላይ አሉ። ዲዮኒያ የሚባለው የአሜሪካ ዝንብ አጥማጅ ተክል በ18ኛው መቶ ዓመት ለስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ለካርል ሊኔየስ በደብዳቤ በተገለጸለት ጊዜ፥ ሊቁ ተክሉ ዝንቡን ለምግብ ይይዘዋል የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። ከመቶ ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን፥ በቅጠሉ ጠጕር ጫፍ ላይ ጤዛ የሚመስል ሙጫ በሚያወጣው ድሮሴራ በሚባለው ተክል ላይ ለብዙ ዓመታት ሙከራ አድርጎ፥ እ.ኤ.አ. በ1875 ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ልጁ ፍራንሲስም ነገሩን በሌላ መንገድ መረመረው፤ ድሮሴራዎቹን ነፍሳት እንዳይደርሱባቸው በስስ ጨርቅ ከለላቸው፤ ለግማሾቹ በየጊዜው የጥብስ ሥጋ ፍርፋሪ ሰጣቸው፤ ግማሾቹን ግን ነሣቸው። እ.ኤ.አ. በ1878 እንዳስታወቀው፥ የተመገቡት ካልተመገቡት ይልቅ እጅግ ብዙ ዘር ሰጡ።

ይህን ለልጆች ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል፤ «እንግዲያው ክፉ ተክል ነው» ይላሉ። ክፉስ አይደለም። እነዚህ ተክሎች የሚበቅሉበትን ምድር መመልከት ይገባል። ብዙዎቹ የሚኖሩት በረግረግና በቋጥኝ ላይ፥ ዝናቡ ዘወትር እያጠበው ፍሬ ነገሩን በወሰደበት ድሃ ምድር ነው። ለተክል እጅግ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን የሚባለው ንጥረ ነገር በዚያ ምድር አይገኝም ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ሌላው ተክል ትቶት የሄደውን መሬት እነርሱ ተቀበሉት፤ መሬቱ የከለከላቸውንም ከአየርና ከውኃ በምታልፍ ነፍሳት አገኙት። ይህን ድህነት የማያውቅ ሰው የተክሉን ጠባይ ጭካኔ ይለዋል፤ የሚያውቅ ግን ብልኀት ነው ይላል።

በአገራችን ረግረጎችና ኩሬዎችም ከዚህ ወገን የሆነ፥ ሊቃውንት ዩትሪኩላሪያ የሚሉት ተክል ይገኛል። ሥር የለውም። ከውኃው በላይ የሚታየው እንደ ክር በቀጠነች ዘንግ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ አበባ ብቻ ናት፤ ከውኃው በታች ግን በቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ስናፍጭ ዘር ያነሱ ፊኛዎች ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱ ፊኛ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ደጅ አለው። ፊኛው በውስጡ ያለውን ውኃ ቀስ እያለ ያስወጣል፤ ጐኑም ይሰረጕዳል። በደጁ ላይ ያሉትን ጠጕሮች አንዲት የውኃ ቁንጫ በነካች ጊዜ ደጁ ይከፈታል፤ ውኃው ከነቁንጫዋ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ደጁም ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ሴኮንድ ጥቂት ሺሕኛ ጊዜ ውስጥ ነው። ዳርዊን እንኳ ነፍሳቱ በራሳቸው ገፍተው የሚገቡ መስሎት ነበር፤ ፊኛው ራሱ እንደሚስባቸው ያረጋገጡት ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው።

ይህችን ቢጫ አበባ ከዱመርሶ በታች ካለው ጨፌ ያገኘኋት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ስሟን አላውቅም ነበር፤ ማነስዋንና ብቻዋን መቆምዋን አይቼ አዘንሁላት። ጥቂት ዘለላ ከነውኃዋ በጣሳ ይዤ ወደ ቤቴ መጣሁ፤ በሳፋ አድርጌም ከበረንዳዬ ሥር አስቀመጥኋት። የውኃ ጕድጓዴን ውኃ ጨመርሁላት። ከዚያ በኋላ ጌዴኦ ሁሉ የሚያውቀውን አደረግሁ፤ የላም ፍግ በጥብጬ አፈሰስሁላት።

አንባቢ ይፍረደኝ። በእኛ አገር ከቤት ደጃፍ ያለ እንሰት ፍግ ካላገኘ አይወፍርም። አባቶቻችን በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡናውንና እንሰቱን አብረው እያለሙ፥ የረገፈውን ቅጠል ለመሬቱ እየመለሱ፥ ቁልቁለቱን ሳያራቍቱ ኖረዋል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈውም ስለዚህ ዕውቀት ነው። እኔም በዚህ ዕውቀት ያደግሁ ነኝ። ለእንሰት መልካም የሆነ ለሁሉ መልካም ነው ብዬ አሰብሁ። በሁለተኛው ሳምንት በሳፋው ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ወጣ፤ በሦስተኛው ሳምንት ውኃውን ሁሉ ሸፈነው፤ ተክሌም ጠቍራ ሰጠመች። እኔም ምድረ በዳ የለመደች ናት፥ እንክብካቤ አይሆናትም ብዬ በእርስዋ ላይ ፈረድሁ።

በኋላ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት የተማረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ ነገሩን ነገርሁት። ያ ልጅ ሳይስቅብኝ አስረዳኝ። ፍጉ ውኃውን አሰባው፤ የሰባውን ውኃ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር ወረሰው፤ አልጌውም ብርሃኑንና ስፍራውን ነሥቶ ተክሏን አነቃት። የጕድጓዱ ውኃም ከምድር የቀለጠ ጨው ስለሚኖርበት ለእንዲህ ያለች ተክል አይስማማትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ የታየው እንቦጭም እንዲሁ ከእርሻ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያ የሰባ ውኃ እንደሚስማማው ነገረኝ። ውኃ ሲሰባ የሚጠቀም አለ፤ የሚጠፋም አለ። በነገረኝ መሠረት ሁለተኛ ጊዜ ጥቂት ዘለላ አምጥቼ፥ ከጣራዬ የወረደ የዝናብ ውኃ ብቻ ሰጥቼ፥ ከጨፌው የወሰድሁትን የደረቀ ሣር ከሥር አነጠፍሁላት፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁም። ይኸው እስከ ዛሬ አለች። ምንም ባለመስጠት አዳንኋት ብዬ በቀልድ ብናገርም፥ በእውነቱ የሰጠኋት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የምትኖርበትን ጠይቄ ማወቄ ነው።

በዚያ ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያሳሰበኝም ተክሏ አይደለችም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረ አንድ ተማሪ በዓይኔ ላይ መጣብኝ።

ይህ ልጅ ከባልቴት አያቱ ጋራ የሚኖር፥ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፥ ቃል የማይበዛው፥ በሒሳብ ግን ወደር የሌለው ነበር። ማለዳ ውኃ ቀድቶ፥ ለጥጃዋ ሣር አጭዶ ስለሚመጣ ሁልጊዜ ያረፍዳል። ልብሱም አንድ ነበረ። እኔ ድህነቱን አየሁ፤ ከዚህ ጭቃ ካላወጣሁት ይጠፋል ብዬ ቈረጥሁ። ከደመወዜ ቀንሼ በአንድ ትልቅ ከተማ ከዘመድ ቤት አስቀመጥሁት፤ ትልቅ ትምህርት ቤትም አስገባሁት። አያቱ አለቀሱ፤ የደስታ ልቅሶ መሰለኝ። ልጁን ግን አንድ ቀን እንኳ አስቀምጬ አልጠየቅሁትም። በስድስተኛው ወር ከስቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያም በትምህርት ቤት ደጅ አልታየም። እኔም ለብዙ ዓመታት «ዕድሉን የረገጠ ልጅ» እያልሁ ምሳሌ አድርጌ ለሌሎች ተማሪዎች ስናገረው ኖርሁ።

በኋላ ከጎረቤቶቹ የሰማሁት ይህ ነው። በቡና ወራት ማታ ማታ የመንደሩ ሰዎች ከአያቱ ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። የእሸት ቡናቸውን ለነጋዴ ሸጠው የመጡት፥ ሚዛኑ ስንት እንዳለና ስንት እንደ ተከፈላቸው ለልጁ ይነግሩታል፤ እርሱም በአመድ ላይ በእንጨት እየጻፈ አስልቶ፥ የተበደለውን በደሉን፥ ያልተበደለውን ሰላሙን ይነግረዋል። ልጁ የሚኖረው በዚያ ነበር። ድሃ መሬት ላይ ሆኖ፥ በየማታው የምትመጣለትን ጥቂት ክብር እየተመገበ አእምሮው ያድግ ነበር። በከተማ ግን ሒሳቡን የሚፈልግበት ሰው አልነበረም፤ ከትልልቅ ልጆች መካከል በሰው ቤት በዝምታ የተቀመጠ እንግዳ ሆነ። እኔ እንጀራና ልብስ ሰጠሁት፤ የሚኖርበትን ግን ወሰድሁበት።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አሳቤ መልካም አልነበረምን? መልካም ነበረ። ነገር ግን መርምሬ ባየሁት ጊዜ፥ በዚያ አሳብ ውስጥ ከልጁ ይልቅ እኔ እበዛለሁ። የሰጠሁት እኔ የነበረኝን ነው፤ እኔን የጠቀመኝን መንገድ ነው፤ እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከቤቴ ርቄ ተምሬ ሰው የሆንሁ ስለ ሆንሁ፥ ሰው የሚሆነው ሁሉ እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ሳይጠይቁ መስጠት ብዙ ጊዜ ራስን መውደድ ነው፤ የቸርነትን ልብስ ስለ ለበሰ ግን ባለቤቱም አያውቀውም።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አይደለም። ከላይ ያነሣሁት ዲዮኒያ በዓለም ላይ በዱር የሚበቅለው በአሜሪካ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ አጠገብ ብቻ ነው። ሰዎች ለሽያጭ እየነቀሉ ስላስቸገሩ፥ በሰሜን ካሮላይና ከታኅሣሥ እ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ከዱር መስረቁ ከባድ ወንጀል ተብሎ ተደነገገ። ሌባውን መቅጣት ተገቢ ነው። ነገር ግን ተክሉን የጎዳው ሌባ ብቻ አይደለም፤ ደን የሚጠብቁ ደጋግ ሰዎችም ጎድተውታል። በዚያ አገር በመብረቅና በሰው እጅ የሚነሣ እሳት በየጥቂት ዓመቱ ሣሩንና ቍጥቋጦውን ያነድደው ነበር፤ ዲዮኒያም ከመሬት በታች ካለው ግንዱ ተመልሶ እያቈጠቈጠ በተገለጠው ብርሃን ይኖር ነበር። እሳት ክፉ ነው ብለው በከለከሉት ጊዜ ቍጥቋጦው አድጎ ጥላውን ጣለበት። ስለዚህ ዛሬ ተክሉን የሚጠብቁ ዐዋቂዎች በልክና በጥንቃቄ እሳት ይለቅቃሉ።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። የረግረግ ተክሎችን በቤታቸው የሚያሳድጉ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ለብዙ ዘመን የተከሉባቸው ፒት በሚባለው አፈር ውስጥ ነው። ፒት ማለት በረግረግ ውስጥ ሳይበሰብስ የተከማቸ የጥንት ተክል ነው፤ የሚያድገውም በዓመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ አንድ ሜትር ለመሆን ሺሕ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አንዲትን የረግረግ ተክል በመስኮት ላይ ለማኖር ሲባል ረግረጉ ራሱ እየተቈፈረ ተሸጠ። ይህን የተረዱ አሳዳጊዎች ሌላ አፈር መፈለግ ጀምረዋል።

አንዳንድ ብልኅ ወጣት ግን እንዲህ ብሎ ይከራከረኛል፤ «ጋሼ፥ ሁሉን ሳናውቅ አንስጥ ካልን መቼም አንሰጥም፤ ውኃ የሚወስደውን ሰው ልምዱን ጠይቀን ነውን የምናወጣው?» ክርክሩ እውነት አለበት። የሚሰጥመውን ጐትት፤ የተራበውን አብላ፤ በዚህ ላይ ጥያቄ የለም። ዕውቀት የለኝም እያለ እጁን የሚሰበስብ ሰውም ንፉግ ነው እንጂ ጠንቃቃ አይባልም። ነገር ግን ሰውን ከውኃ ማውጣት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሰውን አስተካክላለሁ፥ አሳድጋለሁ፥ አኗኗሩን እለውጣለሁ ማለት ግን የዘመን ሥራ ነው። ዘመን ለሚፈጅ ሥራ አንድ ምሽት ተቀምጦ ለመጠየቅ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ምክንያቱ ጊዜ ማጣት አይደለም። ከፍ ካለው ስፍራው ወርዶ መጠየቅ ስለሚከብደው ነው።

ዓምና በበጋ ይህ ትምህርት ተፈተነብኝ። ያ የሒሳብ ልጅ ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው፤ የአያቱን መሬት ይዟል፤ መሬቱም እስከ ጨፌው ይደርሳል። ጨፌውን አድርቆ ባሕር ዛፍ ሊተክል ቦይ መቈፈር መጀመሩን ሰማሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ አሳብ ተክሏን ሁሉ ለቅሜ በሳፋ ማስፈር ነበር። ነገር ግን በሳፋ ያለችው ምስክር ናት እንጂ ምትክ አይደለችም፤ ምንጩን፥ የውኃ ቁንጫውን፥ ወፉን በሳፋ አላገባም። ስለዚህ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ፥ ስለ ረግረግ ጥቅም ሁሉ አስታጥቄ ወደ እርሱ ሄድሁ። እስክጨርስ ድረስ ዶማውን ተደግፎ በትዕግሥት ሰማኝ፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ አለ።

«ጋሼ፥ ያን ጊዜም እንዲህ በደንብ አስበውበት ነበር የመጡት። እኔን ግን አንድ ነገር አልጠየቁኝም።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስለ ጨፌውም አይደለም፥ ስለ ሠላሳ ዓመቱ ነው። እርሱም ራሱን ነቀነቀ እንጂ መልስ አልሰጠኝም። ከዚያም፥ «እንግዲያው ልጄ፥ አሁን ልጠይቅህ፤ ይህ ጨፌ ምን ያደርግልሃል? ባሕር ዛፉስ ምን ያደርግልሃል?» አልሁት። ሁለተኛይቱ ልጁ ትምህርቷን በዲላ እንድትቀጥል ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት አጠና ሆኖ ይሸጣል። ጨፌው ደግሞ ሌላው ሣር በሚደርቅበት ወራት ላሞቹን ያበላል፤ ከታችኛው ወገን ካለው ምንጭም ጥጃዎቹ ይጠጣሉ። እንደ ድሮው በእንጨት መሬት ላይ እየጻፈ አሰላው፤ እኔ ዝም ብዬ ተመለከትሁ። በመጨረሻ የታችኛው ወገን ከነምንጩ ርጥብ ሆኖ ቢቀር እንደሚሻለው፥ የላይኛውን ግን እንደሚተክል ወሰነ። ውሳኔው የእርሱ ነበር።

እኔ የፈለግሁትን ሁሉ አላገኘሁም። በላይኛው ወገን የነበሩት ቢጫ አበቦች ጠፍተዋል፤ ባሕር ዛፉ ሲያድግም የታችኛውን ውኃ ይስበዋል ብዬ እሰጋለሁ፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ እርሱም ውኃውን አብረን እንመልከት ብሎኛል። ዘንድሮ ዝናቡ ከጣለ በኋላ ከታናሽ ልጁ ጋራ ወርደን የታችኛውን አበቦች ቈጥረናል። ልጁ ከእኔ ይልቅ በፍጥነት ይቈጥራል።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ነገ አስተማሪ፥ ሐኪም፥ የእርሻ ባለሙያ፥ ሹም የምትሆኑ ብዙዎች ናችሁ። ሁላችሁም ለሰው ለመስጠት፥ አገርን ለማሻሻል ትነሣላችሁ፤ ተነሡም። እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ግን፥ ይህ ሰው፥ ይህ መንደር፥ ይህ ጨፌ እስከ ዛሬ በምን ኖረ? ብላችሁ ጠይቁ። ድሃ ነው ብላችሁ ያያችሁት ሁሉ ባዶ አይደለም፤ እናንተ የማታዩት፥ ከውኃው በታች የተንጠለጠለ መተዳደሪያ አለው። እርሱን ሳታውቁ የምታፈስሱት ፍግ፥ ከመልካም ልብ ቢመጣም፥ ሊያንቀው ይችላል። መልካም አሳብ የበጎ ሥራ መጀመሪያ ነው፤ ባለቤቱን ከበደል የሚያነጻው ግን ጠይቆ ለማወቅ የደከመ እንደ ሆነ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን ገና በማለዳው ላይ ናችሁ።